ባዕድ ቅጠል

እናቴ አእምሮዋን እየሳተች ነው ብዬ ለወራት አምኜ ነበር። አሁን ይህን የምጽፈው አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እሷ ሳሎን ሆና ከሾላ ገበያ ወዳጇ ጋር ኮሰረት ጥላ ላይ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው እያለች በስልክ ትከራከራለች። ድምፅዋ ሁለት ፎቅ ወርዶ ይሰማል። ድሮ ጎረቤት ሰማን እያልኩ እሳቀቅ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ልቧ ትጩህ ብዬ ትቻታለሁ።

ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከአንድ የጌሾ ተክል ነው።

እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ ነው። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገችን ሾላ ገበያ ጌሾ ሸጣ ነው፤ ቅጠሉን ለጠላ፣ እንጨቱን ለጠጅ። የጌሾ ነጋዴ ትልቁ ራስ ምታት ባዕድ ቅጠል ነው። አንዳንዱ አቅራቢ ክብደት እንዲያነሳለት የማይታወቅ ቅጠል አድርቆ ይቀላቅላል፤ ደርቆ ከተሰባበረ በኋላ ደግሞ በዓይን መለየት ከባድ ነው። እናቴ እጇን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ትከትና አንድ እፍኝ አውጥታ በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ከዚያ ወይ ዝም ብላ ትመዝናለች፣ ወይ «ባዕድ አለበት» ብላ ጆንያውን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። በዚህ ጉዳይ ተከራክሮ የረታት ሰው አላየሁም። ልጅ ሆኜ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው ጆንያውን ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይቼ፣ ከዚህች ሴት ምንም ነገር መደበቅ እንደማይቻል የተረዳሁት ያኔ ነው።

ጌታን ከተቀበለች በኋላ የጌሾውን ንግድ ተወችው። ለመጠጥ የሚሆን ነገር አላቀብልም ብላ ወደ ኮሰረት፣ ጦስኝና በሶብላ ዞረች። ግቢያችን ውስጥ በአጥሩ ሥር የቆመውን ትልቁን ጌሾ ግን ለመንቀል አልጨከነችም። የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ለጸሎት ወደ ቤታችን ሲመጡ ያ ዛፍ መቼ ነው የሚድነው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም እሱ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም ትላቸዋለች። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ መቀሷን ይዛ ዛፉ ውስጥ ትገባና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ከሥር ከሥሩ ታነሳለች። «ሆዱ ይከፈት» ትላለች። ስትጨርስ በአንድ በኩል ቆሞ በቅርንጫፎቹ መሃል የጎረቤትን ግድግዳ ማየት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት ግቢያችን ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገ። እናቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ዕቃዋ አልነበረም። ከጌሾው ዝቅ ያለውን አንድ ቅርንጫፍ ወደ መሬት አጎንብሳ፣ ወገቡ ላይ አፈር አልብሳ፣ እንዳይነሳ ድንጋይ ጫነችበት። ክረምቱን ጠብቃ ብታየው ቅርንጫፉ የራሱን ሥር አውጥቷል። ቆርጣ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ተከለችው። ወደ እኔ ቤት ስትመጣ ሻንጣዋን ለወንድሜ አሸክማ ቆርቆሮውን ራሷ አቅፋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። ጌሾው ያኔ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቅጠሎቹ ትንንሽ፣ ጠንካራ፣ ዘይት የተቀቡ የሚመስሉ ነበሩ።

የእኔ በረንዳ ፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ አለ። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ሾልኮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የምናየው የሰው ልብስ ሲደርቅ ነው። አያት ነፋሱ አይጣል ነው። ኅዳር ላይ እናቴ ማሳል ስትጀምር ወፍራም ሰማያዊ ሸራ ገዝቼ በረንዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩት። ሳሉ ተዋት። እኔም ጎበዝ ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጌሾው ከሸራው ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ ከውሃ ባልዲዎቹ አጠገብ ቀረ።

ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ እናቴ ከበረንዳው ገብታ ፊቴ ቆመች።

«ይሄ የእኔ ጌሾ አይደለም» አለች።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የያዘችውን ቅጠል በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ባዕድ ነው። ማን ቀየረው?»

እኔ ቅጠሉን አላየሁትም። ይህን መናገር አለብኝ። መዳፌ ላይ አስቀምጣልኝ እያለ እኔ የማየው ፊቷን ነበር፤ የሆነ ነገር የተለወጠ እንደሆነ ፊቷ ላይ እየፈለግኩ። ማንም ሰው እዚህ ቤት እንደማይገባ፣ ቆርቆሮውም የመጣበት ቆርቆሮ እንደሆነ አስረዳኋት። እሺ ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ደግማ ጠየቀችኝ። በሳምንቱም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ከገበያ ስትመለስ የሌላ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ የማታውቀውን ሰው በር በእኛ ቁልፍ ስትታገል ተገኘች። እኔ ራሴ ይህን ቤት የተረከብኩ ሰሞን እንዲያ አድርጌ፣ ይባስ ብዬ ቁልፉን ሰድቤ ነበር፤ የራሴን ረስቼ የእሷን ያዝኩ። ስልኳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። ወንድሜን በአባታችን ስም ጠራችው፤ ድሮም ትጠራዋለች፣ አሁን ግን ሁለታችንም ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰው አንዴ መፍራት ከጀመረ ማስረጃ አይቸግረውም።

ወንድሜ በሁሉም ነገር ቀድሞ የሚያዝን ሰው ነው። የሥራ ባልደረባው እናት እንዲህ በትንሽ ነገር ጀምሯቸው በመጨረሻ ልጆቻቸውን ሳይለዩ ቀሩ ብሎ ነገረኝ። ኮሪደር ላይ ቆመን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘላት። እስከዚያው ግን አትከራከሪያት አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲከራከሩት ይብስበታል፣ ያለችሽን ሁሉ እሺ በያት።

እኔም እሺ አልኩ። በየካቲት ወር አንድ ቀን ጠዋት እናቴ እንደገና መጥታ ፊቴ ስትቆም፣ ሳትጠይቀኝ ቀደምኳት። አዎ፣ የድሮው ጌሾ ደርቆብኝ ነው፣ እንዳታዝኚ ብዬ ሌላ ገዝቼ ተክቼበት ነው አልኳት። ያላደረግኩትን ነገር እንደዚያ አሳምሬ ስናዘዝ ራሴም ገረመኝ።

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፤ የሸክም ገመድ እንደተፈታላት ሰው። የተረጋጋች መሰለኝ። ወንድሜ ያለው እውነት ነው ብዬ ለአንድ ቀን ያህል ተደሰትኩ።

ደስታዬ አልቆየም። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌሾውን ውሃ ማጠጣት ተወች። እኔንም የምታናግረኝ ለጉዳይ ብቻ ሆነ። ምግብ ሳቀርብላት እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች፤ እናቴ ለእኔ እግዜር ይስጥልኝ ብላ አታውቅም። አንዳንዴ ቀና ስል ስታየኝ እይዛታለሁ። አስተያየቷን የት እንደማውቀው ለማስታወስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ሾላ ገበያ ነው፤ በእግሯ ገፋ ያደረገችውን ጆንያ የምታይበት ዓይን ነው።

የሐኪሙ ቀጠሮ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ትልቁ ጌሾ አልተቆረጠም፤ የቆመው አጥሩ ላይ ስለነበር የእኛ ግቢ ሲፈርስ እሱ በጎረቤታችን በኩል ተርፏል። እንግዲህ ዋሽቼ ቀየርኩት ካልኩ፣ ቢያንስ እውነተኛውን ላምጣላት ብዬ ተነሳሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው እየጠወለገ ስለነበር ምን እንደነካው ጎረቤታችን ቢያውቁ ብዬ አንድ ቅጠል ቀጥፌ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እናቴ ስወጣ የት ትሄጃለሽ እንኳን አላለችኝም።

ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከዚያ በሁለት ታክሲ ፈረንሳይ ደረስኩ። የመጨረሻውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ከመንገዱ ዳር የተቆረጡ ባሕር ዛፎች ጉቶ ላይ አዲስ ቡቃያ ፈልቷል። የቡቃያው ቅጠል ክብ፣ አመድማ፣ እርስ በርሱ ፊት ለፊት የተገጠመ ነው፤ ከጎኑ የቆመው ትልቁ ዛፍ ቅጠል ደግሞ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ልጅ ሆነን እናቴ ይህን አሳይታን፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዛፍ ናቸው ስትለን ወንድሜ አላምንም ብሎ አልቅሶ ነበር። ይህ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በየካ ሚካኤል አካባቢ ግንብ ሲገነቡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፤ ደህና ነች አልኩ። ወደ ጌሾው ሄጄ ከውጭ በኩል፣ ፀሐይ ከሚመታው ወገን አንድ ቀንበጥ ቀጠፍኩ። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ቅጠል ከጎኑ ያዝኩት።

እዚያው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አይመሳሰሉም።

ከዛፉ የቀጠፍኩት ትንሽ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሲታጠፍ የሚቋቋም ነው። ከቤት ያመጣሁት እጥፍ ይሰፋል፣ ነጣ ያለ ነው፣ ወደ ሰማይ ሲያዙት የጣቴ ጥላ ከጀርባው ይታያል። ወዙም የለም። እናቴ እኮ ልክ ነበረች። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ከዚያ ወዲያው ፍርሃት መጣ። ታዲያ ማን ቀየረው? ለአንድ አፍታ ወንድሜን ጠረጠርኩት፤ ቀድሞ ለማዘን ሲል የማያደርገው ነገር የለም ብዬ። ከዚያ ያ የባሕር ዛፍ ቡቃያ ትዝ አለኝ፤ ጌሾም ተቆርጦ ሲተከል እንደገና ልጅ ይሆን እንዴ አልኩ። ግን ወደ እኔ ቤት ሲመጣ ቅጠሉ የዚህ የትልቁ ዓይነት እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ሽማግሌው ሲያዩኝ ቆይተው ተነሱ። ሁለቱንም ቅጠል ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጓቸው።

«ይሄኛው የቆመበት ቦታ ፀሐይ ያያል?» አሉኝ።

«አያይም፣ ጋሼ። ሸራ ጋርጄበታለሁ።»

«ነይ እስቲ ወደ ግንቡ በኩል።»

በዛፉና በግድግዳው መሃል ባለው ጠባብ ቦታ ገባንና በሁለት እጃቸው ቅርንጫፉን ከፈሉት። ውስጡ ጨለማ ነው። እዚያ ውስጥ፣ በዚያው ዛፍ ላይ፣ የእኔ በረንዳ ቅጠል በብዛት ተሰቅሎ አየሁ። ሰፊ፣ ስስ፣ የነጣ። እርስ በርሱ ተራርቆ የበቀለ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አንዲት የብርሃን ቀዳዳ ያዞረ።

ፀሐይ የጠገበ ቅጠል ትንሽ ሆኖ ይወፍራል፣ እንዳይደርቅም ወዙን ይጠብቃል አሉኝ። ጥላ ውስጥ የበቀለው ደግሞ ያለችውን ብርሃን ለመልቀም ይሰፋል፤ ስለሰፋም ይሳሳል። ግንበኛ ናቸውና ነገሩን በመስኮት አስረዱኝ፤ ጨለማ ክፍል ላይ መስኮት እንደሚሰፋው ነው አሉ። ታዲያ እናቴ፣ በቅጠል የኖረችው ሴት፣ ይህን እንዴት አታውቅም አልኳቸው።

«የት አይታው?» አሉኝ። «እሷ እያለች ይሄ ቅጠል እዚህ ዛፍ ላይ አልበቀለም። በየዓመቱ ውስጡን እየከፈተች ሁሉንም ፀሐይ ታበላው ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ነው ማንም የማይከረክመው።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እየሳቅኩም ነበር መሰለኝ። ሽማግሌው ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ደነገጡ። የለም ጋሼ፣ የሞተ የለም፣ ይልቅ የተረፈ ነው ያለው አልኳቸው። እናቴ አእምሮዋን አልሳተችም። አውራ ጣቷ አልተሳሳተም። ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቁኝ ቢላ አምጥተው አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ከሥሩ ቆረጡልኝ፤ ከግንቡ ጨለማ ተነስቶ ጫፉ ፀሐይ ላይ የወጣውን።

ባቡር ውስጥ ቅርንጫፉን እንዳይሰበር ቀጥ አድርጌ ይዤ ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ ለምን ድግስ ነው ጠላ የምትጠምቁት ብላ ጠየቀችኝ። ለእናቴ ነው አልኳት። መልካም ድግስ ይሁንላችሁ አለችኝ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን አድርጋ መጽሐፍ ቅዱሷን እያነበበች ነበር። ቅርንጫፉን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሯን አወለቀች። ጫፉን ይዛ በአውራ ጣቷ አሸችው፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ጣቷ በቅርንጫፉ ላይ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ወረደ። መሃሉ ላይ ዘገየ። ሥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ ጫፉ ተመለሰች፣ እንደገና ወረደች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች።

«ከአንድ ግንድ ነው?» አለችኝ።

«ከአንድ ግንድ ነው፣ እማዬ። ከአንቺ ጌሾ። ውስጡ ስለጨለመ ነው እንዲህ የሆነው።» ከዚያ የቀረውን አወጣሁት። «ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ቀይሬው አላውቅም። የዋሸሁሽ ቀየርኩት ያልኩሽ ቀን ነው። ያመመሽ መስሎኝ ነው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ መቆጣቷንም እመኝ ነበር።

ያወራችኝ ቀስ ብላ ነው። ኮሪደር ላይ የምናወራውን እየተቆራረጠ ስትሰማ ነበር። ቀጠሮውንም ታውቃለች። መጀመሪያ አልተቀየረም ስላት አምናኝ ነበር፤ ችግሩ ያ ነው። ልጄ ካልዋሸች የከዳኝ የራሴ እጅ ነው ማለት ነው አለች። ለሳምንታት አልጋዋ ላይ ሆና የልጆቿን የልደት ቀን፣ የድሮ ደንበኞቿን ስም፣ የሠፈራችንን ቤቶች በየተራቸው እየጠራች ራሷን ስትፈትን ቆየች። አንዱ ቤት ሲጠፋት ላብ ያጠምቃት ነበር።

«ከዚያ ቀየርኩት ስትዪኝ አረፍኩ» አለችኝ። «ጭንቅላቴ ደህና ነው አልኩ። ግን ልጄ ባዕድ ቀላቀለችብኝ ብዬ ደግሞ አዘንኩ። ምን ላድርግ? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝና ውሸታም ልጅ ትሻለኛለች አልኩ።»

እዚህ ላይ መሳቅ ጀመረች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ እንደገና ሳቅን። ለካ ሁለታችንም አንድ ግድግዳ ተደግፈን፣ እሷ በዚያ በኩል እኔ በዚህ በኩል፣ አንዱን ነገር ስንፈራ ከርመናል። ዝም ብላ ብትነግረኝ፣ እኔም ዝም ብዬ ያንን ቅጠል ባየው ኖሮ ነገሩ በአንድ ቅዳሜ ያልቅ ነበር። ተናደድኩም፤ በራሴ፣ በወንድሜ፣ በዚያ ሰማያዊ ሸራ። እናቴ ግን ተነስታ በረንዳ ወጥታለች። የሸራውን ገመድ በወጥ ቤት ቢላ ስትቆርጥ ደረስኩባት። ብርሃኑ እግራችን ድረስ ገባ።

«ውሃ አምጪ» አለችኝ።

ወንድሜ በማግሥቱ መጥቶ ሁለቱን ቅጠል እያገላበጠ አየና ቅጠል ቅጠል ነው አለ። ቀጠሮው እንዲሰረዝም አልፈቀደም። እናቴ ልሂድለት አለች፤ እሱ እንቅልፍ እንዲወስደው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀኑን ጠየቃት፣ ሥዕል አስሳላት፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰች ወደ ኋላ እንድትቆጥር አዘዛት። የሾላ ነጋዴን ነው ይህን የጠየቀው። ከእኔና ከወንድሜ ቀድማ ጨረሰች፤ እኛ በልባችን እየተከተልናት ነበር። ሁሉንም ከመረመረ በኋላ የሚያሳስብ ነገር አላየሁም፣ በዓመት አንዴ ብትመጣ ይበቃል አለን። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መሐረቡን ሲፈልግ አየሁት። እናቴ ከመውጣቷ በፊት ጠረጴዛው ላይ ወዳለች አበባ ዞረች፤ ግንዷ ወደ መስኮቱ ተጣሞ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ይቺን አልፎ አልፎ አዙራት፤ አንገቷን አመማት» ብላው ወጣች።

ሸራው ከተነሳ በሳምንቱ የጌሾው ሰፋፊ ቅጠሎች ጠርዛቸው እየተቃጠለ ቡናማ ሆነ። ገደልነው ብዬ ጮህኩ። እናቴ አሁን ነገሩን ደርሳበታለች፤ እነዚህ የተሠሩት ለጨለማው ነው፣ ይህን ፀሐይ አይችሉትም፣ አንዴ ከሰፉ ወዲያ ተመልሰው አይጠቡም አለችኝ። የሚለወጠው ገና የሚወጣው ነው። ቆርቆሮውን በቀስታ፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ ያህል፣ ወደ በረንዳው ጫፍ አስጠጋችው። ከሰፊዎቹ ከፊሉ ረገፈ፣ ከፊሉ ተረፈ። ግንቦት ላይ ከጫፉ አዲስ ቅጠል ወጣ። ትንሽ ነው። ጠንካራ ነው። ወዙ ከሩቅ ያበራል።

ባለፈው እሑድ ከቸርች ስትመለስ በረንዳ ላይ አግኝታኝ ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ። ጨፈንኩ። በሁለቱ መዳፎቼ ላይ አንዳንድ ቅጠል አስቀመጠች። በአውራ ጣቴ አሸኋቸው፤ እሷ እንደምታደርገው፣ ቀስ ብዬ። የግራው እንደ ሶፍት እጥፍ ይላል። የቀኙ ይቋቋማል።

«የቀኙ የፀሐይ ነው» አልኩ። «የግራው የሸራው።»

«ባዕዱስ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ወጥመድ መሆኑ ገባኝ።

«ባዕድ የለም። ሁለቱም የአንቺ ናቸው።»

ቅጠሎቹን ከመዳፌ አነሳችና ዓይንሽን ግለጪ አለችኝ። ከፊቴ ቆማ ስታየኝ፣ ዓይኗ ጆንያ ተቀብላ የምትመዝንበት ዓይን ነበር።

«በይ፣ አንቺንስ ሐኪም ቤት አንወስድሽም» ብላ የሚጮኸውን ስልኳን ልታነሳ ገባች።